አሥራ ሁለተኛው መረጃ ሰጪ

አማካሪዋ የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ሲመልሱላት ብዙ አልጻፉበትም ነበር። ሠላሳ ስምንተኛው ገጽ ኅዳግ ላይ ብቻ፣ በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት አንድ ጥያቄ ሰፍሯል፤ «አሥራ አንድ ሰው ስለ አንድ እሳት ሲያወራ እንዴት አሥራ አንዱም አንድ ዓይነት ያወራል?»

ሚጢ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሚጢ የቤት ስሟ ነው። የመዝገብ ስም አላት፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷት፣ በቁመት አባቷን በልጣ እንኳ፣ ከአባቷ ጀምሮ እስከ ዶርም ጓደኞቿ ድረስ ሁሉም የሚጠራት ሚጢ እያለ ነው። ጥያቄውን መጀመሪያ እንደ ምስጋና ልትቆጥረው ሞከረች። ምንጮች ሲስማሙ ጥሩ ነው ተብላ ተምራለች። ሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ግን ምስጋና አልመስል አላት።

ታሪክ ስትማር አራተኛ ዓመቷ ነው። ወዳ ነው የገባችበት፤ ይህን ደግሞ ማንም አያምናትም። የሰፈሯ ልብስ ሰፊ ለእረፍት በመጣች ቁጥር፣ «ታሪክ ደግሞ ይማሩታል እንዴ? እኔ ጋ ብትመጪ በነጻ አወራልሽ አልነበር?» ይላታል። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነው ነው የሚኖሩት፤ አራቱ የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ሁልጊዜ፣ «እኛ ድልድይ እንሠራለን፣ እናንተ የሞተ ሰው ታነባላችሁ» እያለች ታበሽቃቸዋለች። መልስ የምትሰጠው የሚጢ የአልጋ ጎረቤት ናት፤ ሥነ ጽሑፍ የምትማር፣ ከተነሳችበት ሰዓት እስከምትተኛ አፏ የማይዘጋ፣ በዚህም የተነሳ ግቢው በሙሉ «ሬዲዮ» የሚላት ልጅ። «ድልድያችሁ ሲወድቅ እነማን አብረው እንደወደቁ የሚጽፈው ታዲያ ማን ሊሆን ነው?» ትላለች ሬዲዮ፣ ፀጉሯን እየተሠራች።

ሚጢ የመረጠችው ርዕስ አባቷ ዕድሜውን የጨረሰበት የክር ፋብሪካ ነው፤ ከተከፈተበት እስከ ተዘጋበት ቀን ያለው ታሪክ። ሁለት ወር ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ የበሰበሰ ፋይል ስታገላብጥ ከርማለች። አቧራው ደረቷን ዘግቷት፣ አይጥ የበላውን ገጽ እያገጣጠመች፣ ስንት ማሽን መቼ እንደገባ፣ ስንት ሰው መቼ እንደተቀነሰ ለቅማለች። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ስለተነሳው እሳት ግን ያገኘችው አራት ገጽ ሪፖርት ብቻ ነው። እሳቱ የተነሳው በኤሌክትሪክ ብልሽት መሆኑን፣ በማሸጊያ ክፍል የነበሩ ሰባት ሴት ሠራተኞች «በድንጋጤ በመረጋገጥ» መሞታቸውን ይገልጻል። ሰባት ስም ተዘርዝሯል። ከዚያ በኋላ የተቃጠለው ክር ኪሎ ይቀጥላል።

ፋይል ያልያዘውን ከሰው አፍ መልቀም ነበረባት። በትምህርት ክፍሉ ለዚህ የታወቀ ሥርዓት አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ይገባል፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቀን፣ ከዚያ «አስተያየት» የሚል ሣጥን። ሣጥኑ ውስጥ ተማሪው ሰውየው ምን እንደሚያውቅና ምን ያህል እንደሚታመን ይጽፋል። ስሙን ያልሰጠ ሰው ቃል በዚያ ትምህርት ክፍል አይቆጠርም። አማካሪዋ፣ ሁልጊዜ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ፣ ሳል የማይለቃቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ለመስክ ሲልኳት የሰጧት ምክር አንድ ብቻ ነበር። «በር አንኳኩተሽ ጥያቄ እንዳትጀምሪ። መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ። ሰው ለማያውቀው ሰው ልቡን አይከፍትም።»

እሷም እንደተባለችው አደረገች። አሥራ አንድ በር አንኳኩታ፣ አሥራ አንዱም ላይ፣ «የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ልጅ ነኝ» አለች። ደስ ብሏት ነው የምትናገረው። ስምንተኛ ክፍል ሳለች እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፀጉሯን ማበጠር ተምሮ፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ ከእናቶች መሃል ተቀምጦ። የአባቷ ስም በር ይከፍታል ብላ አስባለች። ከፈተም። አሮጊቶቹ ደህናውን ወንበር አወጡላት፤ ሻይ አፈሉላት። «አባትሽ ደህና ነው?» አሏት፤ «ጉልበቱን ተሻለው?» አሏት። ስለ እሳቱ ስትጠይቅ ደግሞ፣ «በድንገት ነው የተነሳው፣ ጭሱ ዓይን አላሳይ አለ፣ የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሏት። አሥራ አንዱም። ሚጢ በደስታ እየተፍለቀለቀች ጻፈችው።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ቆማ የተረዳችው፣ እነዚያ ሴቶች የመለሱላት ለጥያቄዋ ሳይሆን ለአባቷ ስም መሆኑን ነው።

እንደገና ወደዚያው በር መሄድ አልደፈረችም። ሬዲዮን ለመነቻት።

«እኔ እኮ ልብ ወለድ ነው የምማረው» አለች ሬዲዮ።

«ዝም ብለሽ አስወሪያቸው። የማን ጓደኛ እንደሆንሽ አትናገሪ።»

«ማስወራትማ ከሆነ ትክክለኛዋን ሴት አግኝተሻል።»

ሬዲዮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደች። የሄደችው ዘጠነኛዋ መረጃ ሰጪ ጋ ነው፤ ድሮ በማሸጊያ ክፍል ትሠራ የነበረች፣ አሁን በየሰው ቤት ልብስ የምታጥብ፣ የግራ እጇ ቆዳ እስከ ክርን ድረስ የተጨማደደ ሴት። ስትመለስ ሚጢ አልጋዋ ላይ ሆና እየጠበቀቻት ነበር። ሬዲዮ ጫማዋን አወለቀች። ውሃ ጠጣች። ምንም አላለችም። አራቱ የምህንድስና ልጆች እንኳ ከደብተራቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«አላወራም አለችሽ እንዴ?» አለች ሚጢ።

ሬዲዮ ስልኳን ከፍታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገችላትና ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች።

«ባለፈው አንዲት ልጅ መጥታ ጠይቃን ነበር» ይላል የልብስ አጣቢዋ ድምፅ፤ ከኋላው ውሃ ይንቦራጨቃል። «ደርባባ ልጅ። ለእሷማ ምን ብለን እንንገራት? አባቴ፣ አባቴ እያለች ደስ ብሏት መጥታ። ልጅ ምን አደረገች?»

«ምኑን ነው ያልነገራችኋት?» የሬዲዮ ድምፅ ነው።

«በሩን ነዋ። የማሸጊያ ክፍሉ ሁለት በር አለው። የኋላው ተቆልፎ ነበር። እሳቱ በፊት ለፊት ሲመጣ ሁላችንም ወደ ኋላው ሮጥን፤ ተቆልፏል። እኔ በመስኮት ነው የወጣሁት፣ ይኸው እጄን ከፍዬ። ማንም ማንንም አልረገጠም። ቁልፉ እሱ ወገብ ላይ ነበር።»

«ማን ወገብ ላይ?»

ውሃው መንቦራጨቁን አቆመ። «የአባቷ» አለች ሴትየዋ።

ጽሑፉ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሚጢ ፊት ሁለት መንገድ ነበር፤ ሁለቱም ግልጽ። ሠላሳ ስምንተኛውን ገጽ እንዳለ ብትተወው አማካሪዋ ቅር እያላቸው ያሳልፏታል፤ ትመረቃለች፤ አባቷም አባቷ እንደሆነ ይቀጥላል። ብታስተካክለው ደግሞ በሩን መጻፍ፣ ከዚያም ማን ቆለፈው የሚለውን መመለስ ይኖርባታል። ሰኞ ክፍል አልገባችም። አውቶቡስ ተሳፍራ ቤቷ ሄደች።

አባቷ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ብሎን በየመጠኑ እየለየ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይከት ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ቤቱን ግምጃ ቤት አድርጎታል። እያንዳንዱ ጣሳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማንኪያው እንኳ ቁጥር ብቻ የቀረው ይመስላል።

«ዛሬ ትምህርት የለም?» አላት።

«አለ። ቀርቼ ነው።»

«አመመሽ?»

«አባባ፣ የማሸጊያ ክፍሉ ስንት በር ነበረው?»

እጁ ጣሳው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ሁለት» አለ።

«የኋላውስ?»

«ተቆልፎ ነበር።»

እንዲህ በቶሎ ይመልስልኛል ብላ አልጠበቀችም። ልትከራከረው፣ ልታፋጥጠው ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። እሱ ግን ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እስኪጠይቀው ይጠብቅ የነበረ ይመስል ብሎኖቹን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ቀጠለ።

«ክር ይጠፋል ተባለ። ሴቶቹ በቀሚሳቸው ስር ያወጣሉ ተባለ። የፈረቃው ኃላፊ መጣና የኋላውን ቆልፍ፣ ሁሉም በፊት ለፊት ተፈትሾ ይውጣ አለኝ። ቆለፍኩ። አሥራ ሰባት ቀን ተቆልፎ ቆየ፤ ማንም ምንም አላለም፣ እኔም ረሳሁት። የዚያን ቀን ሻይ ልጠጣ ወጥቼ ነው። ጭሱን ሳይ ሮጥኩ። ቀለበቱ ላይ አሥራ አራት ቁልፍ ነበር። በየቀኑ የምይዘው ነው፣ ጨለማ ውስጥ እንኳ በእጄ ዳስሼ የምለየው። ያን ቀን ግን እጄ መለየት አቃተው። አንዱን ስሞክር፣ ሌላውን ስሞክር... ከውስጥ በሩን ይመቱ ነበር። በኋላ መምታቱን ተዉት። ተከፈተ፣ ከዚያ በኋላ።»

ሚጢ ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ተከፍቶ፣ እስክሪብቶዋ እየሄደ መሆኑን ያየችው ይሄኔ ነው። መቼ እንዳወጣችው አታውቅም። አራት ዓመት የለመደ እጅ ነው። አፈረች፤ ግን አላቆመችም።

«ሰባት ሰው» አለች።

«ስምንት» አለ አባቷ።

ቀና አለች።

«ሰባቱ በደመወዝ መዝገብ የነበሩት ናቸው። አንዷ የቀን ሠራተኛ ነበረች፣ ሦስተኛ ቀኗ ነው። መታወቂያ አልወጣላትም። እኔ ነኝ ሽርጥ የሰጠኋት፣ አስፈርሜ። ሌላ የተጻፈችበት ቦታ የለም። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝና ያቺን ገጽ አምጣት አለኝ። ቀደድኩና ሰጠሁት።»

«ሬሳዋስ?»

«ማንነቱ ያልታወቀ ተብሎ ማዘጋጃ ቤት ቀበራት። እናቷ መጣች፣ ልጄ እዚህ ነው የምትሠራው ብላ። ዘበኛው ግምጃ ቤት ጠይቂ እያለ ወደ እኔ ይልካታል። በዚህ ስም የማውቀው ሰው የለም አልኳት። ሦስት ቀን ተመላለሰች። ሦስቱንም ቀን እንደዚያ አልኳት።»

የጎረቤት ዶሮዎች አጥሩ ስር ይጭራሉ። አባቷ የልጅቷን ስም ነገራት፤ ሙሉ ስሟን፣ የመጣችበትን መንደርም ጭምር። ሃያ ሦስት ዓመት ያልተጻፈ ስም አንድም ፊደል ሳይጎድል ከአፉ ወጣ።

«ስሜ ይጻፋል?» አላት ቆይቶ።

«ያለ ስም አይቀበሉም።»

«ሽፋኑ ላይስ?»

«ሽፋኑ ላይማ ድሮም አለህ፣ ከእኔ ስም ቀጥሎ።»

«ሁለት ቦታ ገባሁ በይኛ» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ እምቢ አለው። «ጻፊው። ከመሞቴ በፊት የሆነ ቦታ ይጻፍ።»

ጻፈችው። ልብስ አጣቢዋ ዘንድም ራሷ ተመልሳ ሄደች፤ ሴትየዋ እያለቀሰች ቃሏን አስተካከለች፤ ሌሎች ሁለት ሴቶችም እንዲሁ። ስድሳ አንደኛው ገጽ ላይ፣ በዝርዝሩ መጨረሻ፣ አሥራ ሁለተኛው መረጃ ሰጪ ገባ። አስተያየት የሚለው ሣጥን ውስጥ፣ «የቁልፉ ያዥ፤ በሩን የቆለፈ፤ የስምንተኛዋን ሟች ስም የሚያውቅ ብቸኛ ሰው» ብላ ሞላች። አባቴ ነው የሚለውን አልጻፈችም። ለዚህ የሚሆን ሣጥን አልነበረም።

ጽሑፏን ያቀረበችው ሐሙስ ጠዋት፣ ጥቁር ሰሌዳው ከመሃል በተሰነጠቀ ክፍል ውስጥ ነው። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ እንግዳ ፈታኝና አማካሪዋ። እንግዳው ፈታኝ መጀመሪያ ስለ ግርጌ ማስታወሻዎቹ አጻጻፍ ጠየቋት። ቀጥለው የገጾቹ ኅዳግ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ጠቧል አሏት። ስለ በሩ ማንም አልጠየቃትም። ሊያልቅ ሲል የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሽፋኑንና ስድሳ አንደኛውን ገጽ እያገላበጡ ማየት ጀመሩ።

«ይህ አሥራ ሁለተኛ ያደረግሽው ሰው» አሉ፣ «ስሙ ከአባትሽ ስም ጋር አንድ ነው።»

«አዎ።»

«ዘመድሽ ነው?»

«አባቴ ነው።»

አማካሪዋ ሳሉ። እሳቸውም የሰሙት ገና አሁን ነው።

«ስለ ስምንተኛዋ ሟች ሌላ ምንጭ አለሽ?» አሉ እንግዳው ፈታኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ድምፃቸው እንዲያውም ለስለስ አለ።

«የለኝም። ገጹ ተቀዷል።»

«ማን ቀደደው?»

«እሱ።»

«ስለዚህ ስምንተኛ ሰው ነበረች የሚለን ብቸኛ ምስክር ማስረጃውን ያጠፋው ሰው ነው፤ ቃሉን የወሰደችው ደግሞ ልጁ። እኛ በዚህ ላይ ፊርማችንን ልናኖር አንችልም፣ ልጄ። በሩ ተቆልፎ ነበር የሚለው ይቆይ፤ ሦስት ሴቶች ብለውታል። ማን ቆለፈው የሚለውና ስምንተኛዋ ይውጡ።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አለች ሚጢ ወደ አማካሪዋ ዞራ።

አማካሪዋ የሹራባቸውን ቁልፍ እያሻሹ ነበር። «ደንቡ እንደዚያ ነው» አሉ። «እኔም ለአርባ ዓመት ሳስተምር የኖርኩት እንደዚያ ነው።»

ለማስተካከያ አምስት ቀን ሰጧት። ካላስተካከለች መመረቋ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ሬዲዮ፣ «አታውጪው፤ ትውደቂ፣ ከእኔ ጋር አንድ ዓመት ትጨምሪያለሽ» አለቻት። ለራሷም አስባ ነው የተናገረችው፤ እሷ ለመመረቅ ገና አንድ ዓመት ይቀራታልና። ሚጢ ሦስቱን ቀን አልጋዋ ላይ ተኝታ ጣሪያ ስታይ ዋለች። በአራተኛው ቀን ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለችው የኮምፒውተር ጸሐፊ ሱቅ ሄደች።

ጸሐፊዋ አንቀጾቹን ሰማያዊ አድርጋ መረጠችና፣ «ይጥፋ?» አለች።

«ይጥፋ።»

አንድ ጊዜ ተጫነች። ከስር የነበረው ጽሑፍ ወደ ላይ ተንሸራቶ ቦታውን ሸፈነው፤ ስድሳ አንደኛው ገጽ ሃምሳ ዘጠነኛ ሆነ። አንድ ነገር እዚያ እንደነበረ የሚያሳይ ክፍተት እንኳ አልቀረም። ሚጢ ደረቷ ውስጥ የተሰማት ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን በወደደች። የተሰማት እፎይታ ነው፤ ለአባቷም ለራሷም። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ጥሩ ውጤት አገኘች። ሦስት ቅጂ ተጠረዘ፤ አንዱ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንዱ ለአማካሪዋ፣ አንዱ ለራሷ። የራሷን ይዛ ቤት ስትገባ አባቷ በረንዳው ላይ እጁን በልብሱ ጠርጎ ተቀበላት። መነጽሩን አደረገ። ሽፋኑን ዳሰሰ። ቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደና በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤ አሥራ አንድ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ሌላ ገጽ አለ?»

«የለም። አስወጡት።»

«እሷስ?»

«እሷም ወጣች። ያንተ ቃል ብቻ ነው አሉ። መዝገቡን የቀደደ ሰው ቃል ነው አሉ።»

«ልክ ናቸው» አለ አባቷ። ከዚያ ከሸሚዝ ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ የሟቾቹ ስም ያለበትን ገጽ ፈልጎ አገኘ፣ ከሰባተኛዋ ስር ስምንተኛዋን ጻፈ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ መንደሯን። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው፣ እኩል ተራርቀው፣ ግምጃ ቤት መዝገብ ላይ እንደሚሰፍሩት ሆነው ቆሙ። እፍ አለበት።

ወደ መጨረሻው ገጽ ተመለሰ። ከአሥራ አንድ ስር አሥራ ሁለት ቁጥርን ጻፈ። እስክሪብቶው ከቁጥሩ አጠገብ፣ ስም በሚለው አምድ ላይ፣ ወረቀቱን ሳይነካ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከደነውና ወደ ኪሱ መለሰው።

ሚጢ ቀጥል ልትለው አፏን ከፈተች። ጸሐፊዋ ሱቅ ውስጥ ይጥፋ ያለችው ራሷ መሆኗ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። አባቷ ጥራዙን ወደ እሷ ገፋ አደረገና ብሎኖቹን ካቆመበት መለየት ጀመረ።